በዓልና ልደት በልጆቻችን ሕይወት



በቤተ ሰብ ኑሮ ውስጥ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ትንሽ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን ጥልቅ ሆነው ይገኛሉ። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ዓመት በዓል ወይም የልጇ ልደት በቀረበ ቁጥር በልቧ የምታመላልሰው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይኸውም «ልጆቼን በዚህ ቀን ማስደሰት ግዴታዬ ነውን? ከሆነስ የምሰጣቸው ደስታ ምን ዓይነት ደስታ ነው?» የሚል ነው። ነገሩ የልብስና የምግብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ከገበያ በተገኘ ነበር። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት በዓል በልጆች ኩርፊያና ለቅሶ ሲያልቅ፣ ቄጠማ፣ ዳቦና ቡና ብቻ የነበረበት በዓል ደግሞ ልጆቹ ካደጉ በኋላ እንኳ በፍቅር ሲነሣ እናያለን። ስለሆነም ልጆች የምናሳድግ እናቶች ከኑሯችን ያየነውን መሠረት አድርገን፣ ይህን ጥያቄ ከወላጆችና ከካቴኪስቶች ጋር ልንመረምረው ወደድን።

ዓመት በዓል ምን ያስተምራል?

ዓመት በዓል እናት የማትፈጥረው፣ ልጅም የማይመርጠው ቀን ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል፤ ቤታችን ቢሞላም ቢጎድልም ቀኑ ከመድረስ አይቀርም። ከእኛ በፊት ሲከበር ነበር፤ ከእኛም በኋላ ይከበራል። ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን በጥምቀት ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ ሲያይ፣ ማንም በቃል ሳያስረዳው አንድ ትልቅ ነገር ይማራል፤ ደስታ የእርሱ የግል ንብረት እንዳልሆነና እርሱ ከመምጣቱ በፊት የተጀመረ መሆኑን ይገነዘባል።

የአገራችን ልማድም ልጆችን በበዓል ቀን ተቀባዮች ብቻ አላደረጋቸውም። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ በቀለም ያስጌጡትን ሥዕል ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። በቡሄ ሰሞን ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙላቸውን ወይም ሳንቲማቸውን ከተቀበሉም በኋላ ቤቱንና ባለቤቶቹን መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ልብ ብለን እንመልከት። በሌላው ቀን ምርቃት የሽማግሌ ድርሻ ነው፤ በቡሄ ግን የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ በትልቅ ሰው ደጃፍ ቆሞ ይመርቃል፤ ትልቁም ሰው «አሜን» ብሎ ይቀበላል። እንግዲህ ልጁ በዓሉን ተሸክሞ ወደ ሰው ቤት የሚያደርስ እንጂ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍም ለልጆች በበዓል ውስጥ ሥራ ይሰጣቸዋል። ስለ ፋሲካ በተሰጠው ትእዛዝ ውስጥ ልጆች የሥርዓቱን ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ወላጆችም እንዲመልሱላቸው ታዘዋል (ዘጸ. 12፥26-27)። የልጅ ሥራ መጠየቅ ነው፤ የወላጅ ዕዳ ደግሞ መልስ ነው። ስለዚህ «እማዬ፣ ደመራ ለምን ይቃጠላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ በቂ መልስ መስጠት አዲስ ጫማ ከመግዛት የበለጠ ግዴታ መሆኑን እናስተውላለን።

ይህ ሲባል የበዓል ቀን ለእናት ቀላል ነው ማለት አይደለም። እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ እንደነበር፣ ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ በነበረ ጊዜም ከበዓሉ ሲመለሱ አጥተውት በጭንቀት እንደፈለጉትና ከ3 ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ እንዳገኙት ቅዱስ ሉቃስ ይነግረናል (ሉቃ. 2፥41-50)። የበዓል ግርግርና ጭንቀት በዚያ ቅዱስ ቤተ ሰብ ላይ እንኳ ደርሶ ከነበረ፣ በልጆቿ መካከል የምትደክም እናት ድካሟን የእምነት ጉድለት አድርጋ ልትቆጥረው አይገባም።

ልደትስ ምን ያስተምራል?

በአገራችን ከአረጋውያን መካከል የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በጣልያን ወረራ፣ በአዝመራው ወቅት ወይም በአቅራቢያው በዋለ የቅዱሳን በዓል ነው። ይህም ሆኖ መወለዳቸው ሳይከበር አልቀረም። እልልታው ተሰምቷል፤ ገንፎ ተገንፍቷል፤ ጎረቤት ወላዷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሏታል፤ በብዙዎችም ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነሥተዋል። በየዓመቱ ሻማ አብርቶ ኬክ መቁረስ ግን ከውጭ መጥቶ በከተማ የተለመደ ነው። ዛሬ ደግሞ የልደት ቀን የሕግም ጉዳይ ሆኗል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የእያንዳንዱ ሕፃን ልደት እንዲመዘገብ ያዛል።

አንዳንድ ምእመናን በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ልደታቸውን እንዳከበሩ የተጻፈው ፈርዖንና ሄሮድስ መሆናቸውን ያስታውሱናል። በፈርዖን ልደት የእንጀራ አበዛዎች አለቃ ተሰቅሏል፤ በሄሮድስ ልደትም የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ተቆርጧል። ከዚህ ተነሥተው ልደትን ማክበር የክርስቲያን ሥራ አይደለም ይላሉ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የጌታን፣ የእመቤታችንንና የዚያኑ የመጥምቁን ልደት ስታከብር ኖራለች። ጥፋቱ ቀኑን በማክበር ላይ አልነበረም፤ እነዚያ ገዢዎች በራሳቸው የመወለድ ቀን በሌላው ሰው ሕይወት ላይ እንደ ፈለጉ በማዘዛቸው ነበር እንጂ።

ጀርመናዊው ካቶሊካዊ ፈላስፋ ዮሴፍ ፒፐር (1904-1997 እ.ኤ.አ.) በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ በዓል ባሳተመው መጽሐፉ፣ የእያንዳንዱ በዓል ሥር ፍጥረት መልካም መሆኑን በደስታ መቀበል እንደሆነ ያስረዳል። ይህን አሳብ ወደ ልደት ስናመጣው ትርጉሙ ግልጽ ይሆንልናል። ልጅ በትምህርቱ ቢበረታ ይሸለማል፤ ቢታዘዝ ይመሰገናል። በልደቱ ቀን ግን የምናመሰግነው ስላደረገው ነገር አይደለም፤ በመኖሩ ብቻ ነው። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ከእኩዮቹ ጋር የማይሮጥና የሽልማት ቀን የማይጠብቀው ልጅ ከማንም ይልቅ ይህን ቃል ሊሰማ ይገባዋል። በአንዳንድ አካባቢ ለወንድ የሚሰማው እልልታ ለሴት ከሚሰማው እንደሚበልጥም እናውቃለን፤ ስለሆነም የሴት ልጅን ልደት ከወንድሟ ሳያሳንሱ ማክበር በቤት ውስጥ የሚሰጥ የፍትሕ ትምህርት ነው።

የልጅ ልደት የእናትም ቀን መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ልጁ ያን ቀን አያስታውሰውም፤ ምጡን፣ ፍርሃቱንና የመጀመሪያውን ለቅሶ በልቧ የያዘችው እርሷ ናት። ልጆች ከስጦታ ይልቅ «በተወለድሁ ጊዜ እንዴት ነበር?» እያሉ ያንኑ ታሪክ በየዓመቱ እንድንደግምላቸው የሚለምኑን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለቱ ሲደባለቁ

ከላይ እንዳየነው ዓመት በዓል ልጅን «ደስታው የሁላችን ነው» ብሎ ያስተምረዋል፤ ልደት ደግሞ «አንተ ራስህ መልካም ስጦታ ነህ» ይለዋል። ልጅ ሁለቱንም ትምህርት ይሻል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ በብዙኃኑ መካከል የተረሳ ይመስለዋል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ደግሞ ዓለም በእርሱ ዙሪያ የምትዞር ይመስለዋል። የዘመናችን ችግር የሁለቱ መደባለቅ ነው። ዓመት በዓል «ለእኔ ምን ተገዛልኝ?» የሚባልበት የግል ቀን ይሆናል፤ ልደት በተራው የአደባባይ ትርኢት ይሆንና ትልልቆቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ ባለ ልደቱ ሕፃን ደክሞት ከኬኩ ኋላ ያለቅሳል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ፍቅር ቢሆንም፣ ከፍቅሩ ጋር ይሉኝታ ተቀላቅሎበታል። እዚህ ላይ «ድሀ እናት ልጇ ከጎረቤት ልጅ እንዳያንስባት ብትበደር ምን ይፈረድባታል?» የሚል ሊኖር ይችላል። አባባሉ ክብደት አለው፤ ማጣትን ሳያውቁ ማጣትን ማወደስ ተገቢ አይደለምና። ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንጨምር። አንደኛ፣ ልጅ ማነሱን የሚያነበው ከመሶቡ ብቻ ሳይሆን ከእናቱ ፊት ጭምር ነው፤ በዕዳ አሳብ የጠቆረ ፊት የኬኩን ጣዕም ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ በፋሲካ ዕለት ከአንዱ ቤት የወጥ ሽታ ሲወጣ በሚቀጥለው ቤት ጭስ ካልታየ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለባዶው ቤት እናት አይደለም፤ ቅርጫ ገብቶ ሥጋውን ለተካፈለው ጎረቤት ነው።

እናት በሌለችበት በዓል

በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በኩዌትና በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ብዙ ናቸው። የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ልደት ፊኛ እየነፉና ጠረጴዛ እያሰናዱ ያከብራሉ፤ የገዛ ልጃቸው ልደት ግን በአያት ቤት ያልፋል፤ በዓሉም የሚከበረው በስልክ ነው። በአሜሪካ ያሉትም የገና በዓላችን ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ስለሚውል፣ ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ቤተ ሰቦች የምንማረው ነገር አለ። «በመኖርህ ደስ ይለኛል» የሚለው የእናት ቃል በስልክም ቢሆን ይደርሳል፤ ዳቦውን ቆርሶ የሚያካፍለው እጅ ግን በአጠገቡ ያለ ሰው እጅ መሆን አለበት። በቁምስናችን እናቱ በስደት ያለች ልጅ ካለ፣ የልደት ቀኑን ማወቅና አያቱን መርዳት የእኛ የቀሪዎቹ ተግባር ነው።

የግንቦት ልደታ ምሳሌነት

ዓመት በዓልንና ልደትን ሳያጋጭ የሚያስታርቅ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን የልደቷ ቀን ነው። በዚያን ቀን ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ በደጅ ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ልጆችም በእፍኛቸው ንፍሮ ይዘው በትልልቆቹ መካከል ይሯሯጣሉ። የሚከበረው የአንዲት ሕፃን፣ የኢያቄምና የሐና ልጅ ልደት ነው፤ ደስታው ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። አንዱ ባቄላ፣ ሌላው ስንዴ ቢያዋጣ በአንድ ድስት ውስጥ ይቀላቀላልና የማን ስጦታ እንደ በለጠ የሚቆጥር የለም።

የልጆቻችንንም ልደት በዚህ መንፈስ ልናከብር እንችላለን። ባለ ልደቱ ልጅ ዳቦውን ራሱ ቆርሶ አስቀድሞ ለሌላው ቢሰጥ፣ የልደቱ ታሪክ ቢተረክለት፣ ስለ ሕይወቱም በአንድነት ጸሎት ቢደረግ ልደቱ ሙሉ ነው። በዓመት በዓልም ለየልጁ እንደ ዕድሜው ሥራ ይሰጠው፤ ትንሹ ቄጠማ ይጎዝጉዝ፣ ትልቋ ለታመመ ጎረቤት ምግብ ታድርስ። ካቴኪስቶችም ከበዓል በኋላ ልጆችን ሲያገኙ «ምን ተገዛላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ምን አደረጋችሁ? ለማንስ አካፈላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አዲስ ልብስ ያላገኘው ልጅም የሚመልሰው አያጣም።

በመጨረሻ ስለ እናት አንድ ነገር እናንሣ። በዋዜማው ሽንኩርት ስትከትፍ አምሽታ፣ ዶሮውን በ12 ብልት አውጥታ፣ ሌሊት ቀድሳ ተመልሳ፣ ሁሉም ከበላ በኋላ ቆማ የምትቀምስ እናት በየቤቱ አለች። ልጆች ይህን በየዓመቱ ካዩ፣ በዓል ማለት አንዱ የሚያገለግልበት ሌሎቹ የሚደሰቱበት ቀን እንደሆነ ይማራሉ፤ ሴቶች ልጆች ዕጣቸውን፣ ወንዶች ልጆችም መብታቸውን ያዩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የእናት ግዴታ ደስታን ብቻዋን ሠርታ ማቅረብ አይደለም፤ ከልጆቿ ጋር ወደ ተዘጋጀው ደስታ መግባት ነው። አባት ውኃውን ያስታጥብ፣ ልጆች እንጀራውን ያቅርቡ፤ እናትም ከሁሉም ጋር በመሶቡ ዙሪያ ትቀመጥ።