አደራ በላ ከተማ

በአማርኛ ሰውን አንገት ከሚያስደፉ ስሞች መካከል «አደራ በላ» የሚለውን የሚያህል ጥቂት ነው። ሌባ ያልተሰጠውን ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን ታምኖ የተሰጠውን ያስቀራል። አደራ ሦስት ወገኖች አሉት፦ ሰጪው፣ ጠባቂው፣ ዕቃው የሚጠበቅለት ሰው። ጠባቂው በዕቃው ይጠቀምበት ይሆናል፤ ሊያጠፋው ግን ሥልጣን የለውም። ታዲያ ይህ ስም ለአንድ ሰው ብቻ ነው ወይስ ለአንድ ከተማም ሊሰጥ ይችላል? ይችላል እላለሁ። ከተማ ሊበላው የሚችለው አደራ የአፈር ልምላሜ ነው። በከተማና በዙሪያው ፐርማካልቸር በተባለው፣ የአንዱን ተረፈ ምርት ለሌላው ምግብ በሚያደርግ የአተካከል መንገድ ምግብ ማብቀልን ብዙዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ወይም የኑሮ ውድነት ማስታገሻ አድርገው ያዩታል። ከዚያ ይልቃል፤ በእጅ ያለን አደራ የመመለስ ግዴታ ነው።

አፈር ከምንም ተነሥቶ አያበቅልም። የአዳ ጤፍ ሲታጨድ ናይትሮጂኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በፍሬው ውስጥ ሆነው ከማሳው ይወጣሉ። በገጠር መንደር በአንድ በር የወጣው በሌላ በር ይመለስ ነበር፤ ፍጉ፣ አመዱ፣ ልጣጩና አተላው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ ከቤት አጠገብ ያለው ጎመንና እንሰት የሚለመልመውም ለዚህ ነው። ከተማ ይህን የመመለሻ በር ዘጋው። ጤፉ፣ ድንቹና ሙዙ በጭነት መኪና ይገባሉ፤ ልጣጩን ወደ ማሳው የሚመልስ መኪና ግን የለም። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው በስብሶ አፈር መሆን የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ፣ ለአሥርተ ዓመታት መድረሻው ረጲ አካባቢ ያለው፣ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ነበር። አየር እያገኘ ቢበሰብስ ማዳበሪያ የሚሆነው ልጣጭ፣ ታፍኖ ሲከመር ሜቴን ጋዝ ይሆናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ገበሬው ደግሞ የተራቆተ ማሳውን ለመመገብ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ የሚገባ ማዳበሪያ ይጠብቃል። የማሳው ሀብት ከተማ ውስጥ ሸክም ሆኖ ይከመራል፤ ማሳው ራሱ በዕዳ ይታረሳል።

ይህ የንጽሕና አስተዳደር ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመሐንዲሶች ትተነው በሄድን ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ያለው፣ ያልሠራነውን ነገር የያዝነው በምን መብት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ ሰው በገነት የተቀመጠበትን ምክንያት በሁለት ግሦች ይገልጸዋል፤ ማበጀትና መጠበቅ። ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ምድር በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ ያዛል፤ ባለቤቷ እግዚአብሔር እንደሆነና ሰዎች በእርሷ ላይ እንግዶች እንደሆኑም ይናገራል። በእስልምናም ሰው በምድር ላይ ምትክ ሆኖ የተሾመ ነው፤ አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍ፣ እንስሳ ወይም ሰው ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ሐዲስ ያስተምራል። ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን የተባሉ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን አሳትመው ያስተዋወቁት ፐርማካልቸርም በሦስት የሥነ ምግባር መርሖዎች ላይ ቆሟል፦ ምድርን መንከባከብ፣ ሰውን መንከባከብ፣ ትርፍን ማካፈል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የጣሪያን ዝናብ ማቆር፣ አፈርን በጉዝጓዝ ማልበስ፣ ረጅሙን ከአጭሩ አሰባጥሮ መትከል፣ የአንዱን ተረፈ ምርት ለሌላው ምግብ ማድረግ። ለእኛም ባዕድ አይደለም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትን፣ ከእንሰቱም ሥር ቡናን የሚያሳድገው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህንኑ ጥበብ ለዘመናት ጠብቆ በማቆየቱ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጓሮ ጎመን ከተማ አይመግብም የሚል ነው። እውነት ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነዳጅና ማዳበሪያ የተቋረጠባት ኩባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሐቫናን ባዶ ቦታዎች በመደብ አትክልት ሸፍና የከተማዋን ገበታ አለመለመች፤ ነገር ግን አገሪቱ እህልን ከውጭ ማስገባቷን አልተወችም። ጤፍና ስንዴ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋሉ፤ ከአስፋልት ዳር አይታፈሱም። ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው ግን ከተማ ራሱን ይችላል የሚለውን ተስፋ ነው፤ የአደራውን ክርክር አይነካውም። እንዲያውም ያጠነክረዋል፤ ከተማ ምንጊዜም ከገጠር አፈር መብላቱ የማይቀር ከሆነ፣ የመመለስ ግዴታውም ምንጊዜም የማይቀር ነው። የልጣጩ ብስባሽ በቅርብ ጎመኑን፣ ቲማቲሙንና በሶብላውን ያበቅላል፤ የተረፈው በከተማው ዳርቻ ላለው ገበሬ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማው አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምንና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ታዲያ ከተማ ውስጥ ማብቀል ሰውን መመረዝ አይሆንምን? በተበከለ ውኃ ከሆነ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አትክልት ሰውን መንከባከብ የሚለውን መርሖ ይጥሳልና ፐርማካልቸር ሊባል አይገባም። ፐርማካልቸር የሚጀምረው ውኃውና አፈሩ ከየት መጡ ብሎ በመጠየቅ ነው። በዚያው ወንዝ ዳር የሚያርሰው ድኻ ግን ወንዙን አልበከለም፤ በካዩን ትቶ ጎመን አብቃዩን መውቀስ ፍርድ ማጣመም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይም በኪራይ ክፍል የሚኖር ሰው ጓሮ የለውም ለሚሉም መልሱ ከዚሁ የፍርድ ሚዛን ይነሣል። ግዴታ በእጅ ካለው ጋር ይመዘናል። ግቢውን ሙሉ በሙሉ በንጣፍ የለበደ ባለቤትና አንዲት ክፍል የተከራየች እናት እኩል አይጠየቁም። ከእርሷ የሚጠበቀው ልጣጩን ከላስቲኩ መለየት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቦታውን ማዘጋጀት ሰፊ ግቢ ያላቸው የትምህርት ቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያናት፣ የመስጊዶችና የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ ነው። አገልጋዮቻቸው አደራን የሚሰብኩ ግቢዎች ግንባር ቀደም ቢሆኑ የሚያምርባቸው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሥሩ ይነቅላል፦ አፈር ሰው አይደለም፣ አይከስም፣ አይጠይቅም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ለሰው እንጂ ለጭቃ አይደለም፤ ምድርም ኃላፊ ናት። የአደራን ሦስት ወገኖች ያስታወሰ ግን እዚህ ላይ አይደናገርም። አፈር አደራ ሰጪ አይደለም፤ አደራው ራሱ ነው። የአደራ ዕቃ መናገር አለመቻሉ ጠባቂውን ነፃ አውጥቶት አያውቅም፤ ወርቅም አይናገርም። የሚጠይቁት ሌሎች ናቸው፤ ሃይማኖተኛ ሰው ሰጪው ይጠይቀኛል ይላል፣ ሃይማኖት የሌለውም ገና ያልተወለዱት ተረካቢዎች መብት እንዳላቸው መካድ አይችልም። ምድር ኃላፊ መሆኗም ሰበብ አይሆንም። የጎንደርና የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸውን በደን ከልለው ያቆዩት ዓለም ኃላፊ መሆኗን ከሚያስተምሩት መካከል ሆነው ነው፤ እነርሱ የሰማዩን ተስፋ ምድርን ለማራቆት ፈቃድ አድርገው አልወሰዱትም።

በልማዳችን ጠባቂ አደራ በላ የሚባለው ዕቃው በእጁ ሳለ አይደለም፤ መልስ ተብሎ አልመልስም ባለ ዕለት ነው። ከተማው ገና በዚያ ቀን ላይ አልደረሰም። ዛሬ የድንቹ ልጣጭ ወደየትኛው ዕቃ ይጣል ብሎ የሚወስን እጅ፣ ሳያውቀው አደራው ይመለስ ወይስ ይቅር ለሚለው ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው።