ስሙን ያልነገረን ሕመም

የግራ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና ከእርሷ ቀጥላ ያለችው፣ ይደነዝዙኝ ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። ጠዋት ስነሣ ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስለኛል። የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ሙቀቱን ዘግይተው ነው የሚነግሩኝ። የዓይኔ ቆብም በዚያው ሰሞን ይርገበገብ ጀመር። ለዓይኔ እንኳ እናቴ መልስ አላት፤ «ዘመድ ልታይ ነው» ትላለች። ለጣቶቼ ግን መልስ የሚሰጠኝ ስላጣሁ ስልኬን ከፍቼ ጠየቅሁ። በአንድ ሌሊት የአንጎል ዕጢም፣ መልቲፕል ስክለሮሲስም፣ ስኳርም ያዘኝ! ለዶርም ጓደኛዬ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀና፣ «ተወው ባክህ፤ ካልፈለግኸው አያገኝህም» አለኝ።

ነገሩን ሳሰላስለው ቀልድ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ጓደኛዬ ሳያስበው አንድ የሥነ ምግባር አቋም ይዟል። ለመሆኑ ሰው በገዛ አካሉ ውስጥ ያለውን ነገር አለማወቅ መብቱ ነውን? ወይስ ምልክቱን ያየ ሰው የመጠየቅ ግዴታ አለበት?

ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴና ላይ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፣ ፕላቶን እንደጻፈልን፣ ሞትን መፍራት የማያውቁትን እንደሚያውቁ መቁጠር ነው ብሎ ተከራክሯል። ሞት ክፉ ይሁን ደግ አይቶ የመጣ የለም፤ ፈሪው ግን ክፉ መሆኑን እንዳረጋገጠ ሆኖ ይሸሻል። ይህን ሐሳብ ወደ ጣቶቼ ላምጣው። ሌሊት «አለቀልኝ» ስል የማላውቀውን አውቃለሁ ማለቴ ነው። ጠዋት ተነሥቼ «ኧረ ምንም አይደለም» ስልስ? ያም ያው ነው። ሁለቱም ምስክር ሳይሰማ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። ድፍረት የመሰለኝ ቸልታ የፍርሃቴ መንታ ወንድም ሆኖ አገኘሁት።

እንዲህ ያለ ፍርድ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሥጋ ደዌ ታሪክ ያሳየናል። ይህ በሽታ ነርቭን የሚያጠቃ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቱ ቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ሲነኩት የማይሰማ ንጣት ነው። አያምም፤ አያሳክክም። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን ተሕዋስያኑን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር። በአገራችንም አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት በሽታውን በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል፤ ለሕመምተኛውም በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ንጣቱን ያየ ሰው የሚፈራው ስሙን ነው። ስሙን ስለሚፈራ በልብሱ ይሸፍነዋል። እርሱ ሲሸፍን ነርቩ ይሞታል፤ እጁ እሳት ሲነካ አይሰማውም፤ ይቆስላል፤ ጣቶቹም ይቆለመማሉ። እንግዲህ ያን ሰው አካለ ስንኩል ያደረገው በሽታው ብቻ ነው ለማለት ይቻላልን? ዝምታውም ድርሻ አለው። ነገር ግን ዝምታውን እርሱ ብቻውን አልፈጠረውም። ስሙን የስድብ ቃል ያደረግነው እኛው ነን።

ችግሩ በተቃራኒውም ይመጣል። ስም ለመስጠት መቸኮልም አለ። ገበያ መካከል ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ሌላው «መንፈስ ነው፤ እንዳትነኩት!» ይላል፤ አረፋው ይጋባል ብሎ የሚሸሽም አይጠፋም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5 የሚያህለው ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። ብርቅ ነገር አይደለም፤ አይተላለፍም። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ ርካሽ ክኒን ብዙውን ሕመምተኛ ከመውደቅ ያተርፋል። ነገር ግን «መንፈስ ነው» ብሎ የደመደመ ቤተሰብ ጥያቄውን ስለ ዘጋው ክኒኑን የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። በሥጋ ደዌ ጥያቄው ተደበቀ፤ እዚህ ደግሞ መልሱ ጥያቄውን ቀደመው።

«መልካም፤ ግን የራሴ አካል ነው፤ ብደብቅ ማንን እጎዳለሁ?» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ጂንካ ላይ ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በከተማችን መገኘቱ በመንግሥት ተረጋገጠ። የዚያ በሽታ አጀማመር ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ነው፤ ማለትም ወባም፣ ጉንፋንም፣ ድካምም ሊሆን የሚችል ነገር። ምልክቱ ሳይታይ እስከ 21 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ከታመመ ሰው ጋር የተነካካ ሁሉ 21 ቀን ክትትል ይደረግለት ነበር። በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ እስኪታወጅ ድረስ በጂንካ ራስ ምታት የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ነበር። «ራሴን አመመኝ» ማለት ያስፈራ ነበር፤ አለማለት ግን በጎረቤት፣ በአስታማሚ፣ በነርስ ሕይወት መፍረድ ነበር።

የእኔ ጣት አይጋባም፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም እጄ የእኔ ብቻ ነው ማለት እችላለሁን? እናቴ የምትጠብቀው፣ ታናናሾቼ ነገ የሚደገፉት ይህንኑ እጅ አይደለምን? እንዳላሳስባት ብዬ ዝም ማለቴን ፍቅር ብዬ ሰይሜው ነበር። አሁን ሳየው ጥያቄዋን ሽሽት ይበዛበታል።

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ አልፈው ዘንድ አልችልም። ከጂንካ ቁልቁል ወደ ማጎና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርዱ የሚኖረው አርብቶ አደር እግሩ ቢደነዝዝ «ሐኪም ጠይቅ» ማለት ምን ማለት ነው? መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከብቱን ለማን ይተወዋል? ቋንቋውንስ ማን ያስተረጉምለታል? ይህ ሰው ግን ምልክት ማንበብ አያቅተውም። በሬው ሲከሳና ጠጉሩ ሲቆም የቆላ ዝንብ ያመጣው ገንዲ እንዳይሆን ይጠረጥራል፤ ይከታተለዋል፤ ሌላውን እረኛ ይጠይቃል። ስለዚህ ግዴታው በአቅም ልክ ነው እላለሁ። የሚጠይቀውን ያላገኘ ሰው ዝም ቢል ወቀሳው ሐኪሙን ሩቅ ባደረግን በሁላችን ላይ ይወድቃል። እንደ እኔ ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ በስልኩ የሚሰቃይ ግን ምን ምክንያት አለው?

ስለዚህ ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቶቼን በጥጥ ነካካ፤ ቆዳዬን አየ፤ ስኳሬን አስለካ። ክርኔን መታ ሲያደርገው ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል እስከ ትንሿ ጣቴ ዘለቀ።

«ስታነብ ክርንህን ጠረጴዛ ላይ ትደገፋለህ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። መደገፉን ተውና ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስ። እጅህ ከደከመ ወይም እግርህም ከጀመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ።»

«ሊሆን ይችላል» ነው ያለኝ፤ «ነው» አላለም። እርግጥ ነገር ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ የተመለስኩት በ«ምናልባት» ነው። ነገር ግን ይህ «ምናልባት» ሌሊት ብቻዬን ከፈጠርኩት ይለያል። የሚጠባበቀው ምልክት አለው፤ ቀን አለው፤ አብሮኝ የሚያውቀው ሰው አለው። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ እንቅልፍ ግን ወሰደኝ።

ማታውን ለእናቴ ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት። ስለ ነርቩ ብዙም አልጠየቀችኝም። «ሁለት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልክ?» ብቻ ነው ያለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ስድስት ሳምንቱ ገና አልሞላም። ይህን የጻፍኩት ክርኔን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ነው።