የየዋህ መምህር ሸክም



ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 12 ስለ ሙሴ ሲመሰክር በዘመኑ በትሕትና የሚስተካከለው እንዳልነበረ ይነግረናል። ይኸው ትሑት ሰው ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ከጧት እስከ ማታ የሕዝቡን ጉዳይ ሲሰማ ውሎ ኃይሉ ሊያልቅ ሲቃረብ እናየዋለን። እንግዲህ የዋህነት ብቻውን ሰውን ከመዛል አያድነውም።

ይህን ቃል በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሚያስተምሩ መምህራን እናስብበት። በዚያ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪ ጎረቤታሞች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ዘልቆ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፍርሃትን ያየ ሕፃን ፊደልን ከመቍጠሩ በፊት ለስለስ ያለ ድምፅ ይፈልጋል።

የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ርኅራኄን፣ ሰውን ማመንንና ተስማምቶ መኖርን ከአምስቱ ዐበይት የጠባይ ዘርፎች በአንዱ ይመድቧቸዋል። የእነዚህ ጠባዮች በረከት ለተማሪው ብቻ አይደለም። በቍጣ የሚያስተምር ሰው ወደ ቤቱ ቍጣውን ይዞ ይገባል፤ በርኅራኄ የሚያስተምር ግን በሕፃናቱ ፍቅርና በባልደረቦቹ አመኔታ ልቡ ያርፋል።

ነገር ግን ደግ መምህር እምቢ ማለት ስለሚከብደው የሌላው ሥራ ሁሉ በእርሱ ላይ ይከመራል። የታመመውን ባልደረባ ክፍል እርሱ ይይዛል፤ ደብተር ለሌለው ልጅ ከጠባብ ደመወዙ ይገዛል፤ ያዘነ ወላጅ ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል። ማንም «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ ካልጠየቀው ደግነቱ ቀስ በቀስ ወደ ምሬት ይለወጣል። እንዲህ ያለው ሰው የሚደክመው ፍቅር ስላነሰው አይደለም፤ ሸክሙን ብቻውን ስለ ተሸከመ ነው።

ሙሴን ከዚህ ያዳነው አማቱ ዮቶር ነበር። ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ የእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ሙሴ ግን ምክሩን ሰምቶ ሥራውን ለታመኑ ሰዎች አካፈለ። መልካም ምክር ከሌላ እምነት ጎረቤትም ሊመጣ እንደሚችል በከሚሴ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጌታችንም ቢሆን ከስብከት የተመለሱትን ሐዋርያት ወደ ጸጥታ ቦታ ሄደው እንዲያርፉ አዟቸዋል፤ ዕረፍት ስንፍና አይደለምና።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ደግነታችሁን አትጣሉ፤ ነገር ግን እርዳታ መጠየቅን እንደ ውርደት አትቍጠሩት። ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ እሺ ባይ ስለሆነ ብቻ በአንድ ሰው ላይ ሥራ አትደራርቡ። ወላጆች ሆይ፣ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄዱት ለአቤቱታ ብቻ አይሁን፤ ለምስጋናም ሂዱ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በየሳምንቱ አንድ የደከመ መምህር ጎብኙ፤ እምነቱን ሳትጠይቁ አዳምጡት።

ልበ ትሑቱ ጌታ የመምህራኖቻችንን ድካም ያቅልልልን። አሜን።