ስለ ሠሪና ስለ ፈራጅ

አንድ ሰው ሥራውን ከተወ በኋላ፣ በእግሩ የተተኩትን ሰዎች ሊነቅፍ ወይም ሊያመሰግን ይገባዋልን? አባቶቻችን «ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው» ሲሉ፣ ተቀምጦ የሚናገር ሰው የሠሪውን ድካም እንደማይመዝን ማስረዳታቸው ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ፣ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ መመርመር የሚገባን መናገር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ሳይሆን፣ የሚናገረው ሰው እንዴት ያለ መሆን አለበት የሚለውን ነው።

እኔ በመምህርነት 36 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቀድሞ ወዳስተማርሁበት ትምህርት ቤት ተጠርቼ፣ አንድ ወጣት መምህር ሲያስተምር ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጬ አዳመጥሁ። ትምህርቱ ካበቃ በኋላም በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ባልደረቦቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ሰባት ስሕተት ቈጠርሁበት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ከሰማኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲያስተምሩ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ነበረዎት?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። «አርባ ያህል» አልሁት። «የእኔ ሰማንያ ሦስት ናቸው» አለኝና ደብተሮቹን ተሸክሞ ወጣ። የእርሱን ስሕተት ስቈጥር ልጆቹን አለመቍጠሬን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ አገር የሚኖረው ልጄ ስለ አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ አጫወተኝ። የእግር ኳሱም እኛ የምናውቀው ሳይሆን፣ አሜሪካኖች ኳሱን በእጃቸው ይዘው እየሮጡና እየተጋፉ የሚጫወቱት ነው። የሰውዬው ስም ጆን ማደን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ተወልዶ በ2021 ዐረፈ። በወጣትነቱ በ1958 ፊላደልፊያ ኢግልስ የተባለው ቡድን መርጦት ነበር፤ ነገር ግን ጕልበቱን ስለ ተጐዳ አንድ ግጥሚያ እንኳ ሳይጫወት ቀረ። በሕመሙ ጊዜ ግን ኖርም ቫን ብሮክሊን የተባለው ዝነኛ ተጫዋች የጨዋታ ፊልም ሲመረምር አጠገቡ እየተቀመጠ፣ መመልከት ራሱ ትምህርት መሆኑን ተረዳ።

በ1969፣ ገና በ32 ዓመቱ፣ ኦክላንድ ሬይደርስ የተባለው ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነ። በዐሥር የውድድር ዘመን በመደበኛው ውድድር 103 ጊዜ አሸነፈ፣ 32 ጊዜ ተሸነፈ፣ 7 ጊዜ እኩል ወጣ። በጃንዩዌሪ 1977 ሚኔሶታ ቫይኪንግስን 32 ለ14 ረትቶ፣ ሱፐር ቦውል የሚባለውን ታላቅ ዋንጫ ወሰደ። በኦገስት 1978 ግን የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ዳሪል ስቲንግሊ ከማደን ቡድን ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ አንገቱ ላይ ስለ ተጐዳ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በእግሩ መሄድ አልቻለም። ማደን በዚያው ምሽት ወደ ሆስፒታል ሄዶ አየው፤ ከዚያም በኋላ እየተመላለሰ ጠየቀው። በ1979 መጀመሪያ፣ የጨጓራ ቍስል እያሠቃየው፣ በ42 ዓመቱ አሠልጣኝነቱን ተወ፤ ዳግመኛም አልተመለሰበትም።

ከዚያ በኋላ እስከ 2009 ድረስ በቴሌቪዥን ጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ሠራ። ልብ ልንለው የሚገባን እንዴት እንደ ሠራ ነው። የቀድሞ ዝናውን ብቻ ይዞ ወደ ወንበሩ አልወጣም፤ ከግጥሚያው ቀን አስቀድሞ ቡድኖቹ ሲለማመዱ ያይ፣ ፊልማቸውን ይመረምር፣ አሠልጣኞቹንና ተጫዋቾቹን ይጠይቅ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ ኳሱን የያዘውን ሰው ሲከተል፣ እርሱ በምስሉ ላይ መስመር እየሣለ፣ ለዚያ ሰው በትከሻቸው መንገድ የሚከፍቱትን፣ ስማቸው የማይነሣውን ተጫዋቾች ያሳይ ነበር። በስሙ የሚጠራ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲዘጋጅም፣ አዘጋጆቹ የተጫዋቾቹን ቍጥር ሊቀንሱ ቢፈልጉ፣ በእያንዳንዱ ወገን 11 ካልሆኑ ስሜን አልሰጥም አለ። ጨዋታው በ1988 የወጣው 11 በ11 ሆኖ ነው።

ይህን ስሰማ ያ ወጣት መምህር ትዝ አለኝ። ማደን የማይታየውን ሰው ሳይቀር ቈጠረ፤ እኔ ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሰማንያ ሦስት ልጆች አላየሁም። እርሱ ለመናገር ሲል እንደገና ተማሪ ሆነ፤ እኔ ግን 36 ዓመት ማስተማሬ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ትናንት መሥራት ብቻውን የመፍረድ መብት እንደማይሰጥ ነው። ሥራው ዕለት ዕለት ይለወጣልና፣ ትናንት የሠራ ሰው ዛሬን ካልመረመረ ምንም ካልሠራው ሰው ብዙ አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ ያልሠራው ሰው አለማወቁን ሊጠረጥር ይችላል፣ የሠራው ግን አይጠረጥርም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ወጣቱን መምህር፣ ባልደረቦቹ ባሉበት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ ሰባቱን ነገር ጽፎት ኖሯል። «ጋሼ፣ አራቱ እውነት ናቸው፤ ሦስቱን ግን በሰማንያ ሦስት ልጅ ፊት እርስዎም አይችሏቸውም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ይሁን እንጂ አራቱ እውነት መሆናቸው በደሌን አላቃለለልኝም፤ እውነት ያለ ቦታዋ ስትነገር ታቈስላለችና። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄድሁ፣ የደብተሮቹን ግማሽ አብሬው አርማለሁ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም አንድ ቀን ከሥራችሁ ወጥታችሁ በወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ዛሬም ቢሆን ገና ባልጀመራችሁት ሥራ ላይ ትፈርዱ ይሆናል። በሰው ሥራ ላይ ከመናገራችሁ በፊት የተሸከመውን ቍጠሩ፤ ከኋላው ሆነው የሚረዱትንም ፈልጋችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ተናገሩ፤ ከቻላችሁም ከሸክሙ ጥቂቱን አንሡለት።