ልጅ በአባቱ ጉድጓድ



የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 በረሃብ ይጀምራል። ጸሐፊው ረሃብ መሆኑን ብቻ ነግሮን አያልፍም፤ ይህ ረሃብ በአብርሃም ዘመን ከሆነው ከመጀመሪያው ሌላ መሆኑንም ያስታውሰናል። አባት በረሃብ ምክንያት ወደ ግብፅ ተሰዶ ነበር (ዘፍ. 12፥10)፤ አሁን ደግሞ ልጁ ይስሐቅ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ጌራራ ይሄዳል። ስደት በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እናያለን።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፥ ከድንበራችን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ኡም ራኩባ የሚባል ስፍራ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ ተጠልለው ነበር። ሰፈሩ ከዓመታት በኋላ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ድንበሩን ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። በልጅነታቸው ያን ምድር ያዩ ሰዎች የራሳቸውን ልጆች ይዘው ወደዚያው ተመለሱ።

ስደተኛ አባት ለልጁ ምን ያወርሳል? ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ነገር ያሳየናል። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። አብርሃም ነፍሱን ለማዳን ሲል ሚስቱን እኅቱ እንደሆነች አድርጎ ተናገረ፤ ይስሐቅም በጌራራ ስለ ርብቃ ያንኑ ደገመ (ዘፍ. 26፥7)። ፍርሃት ያለ አስተማሪ ይወረሳል። በእኛም ቤት ከየት እንደመጣ እንዳይናገር፥ ጎረቤቱንም እንዳያምን እየተነገረው ያደገ ልጅ አለ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የአባቱን ጥላቻ የተረከበ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ርስት ውኃ ነው። አብርሃም በእንግድነቱ ምድር ጉድጓዶችን አስቆፍሮ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ፍልስጥኤማውያን በአፈር ደፈኗቸው። ይስሐቅ ግን አፈሩን አስወጥቶ ከፈታቸው፤ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ጠራቸው። ባስቆፈራቸው አዲስ ጉድጓዶች የጌራራ እረኞች በተጣሉት ጊዜ አልተዋጋም። አንዱን ጠብ፥ ሌላውን ጥላቻ ብሎ ሰይሞ ፈቀቅ አለ፤ ሦስተኛውንም ርኆቦት፥ ማለትም ሰፊ ስፍራ አለው።

ወላጆች ሆይ፥ የእናንተ ጉድጓድ የትኛው ነው? በሌሊት ጉዞ የጸለያችሁት ጸሎት ነው፤ በቋንቋም በእምነትም የማይመስላችሁ የሱዳን ገበሬ ከጓዳው ያካፈላችሁ ምግብ ነው። ይህን ጉድጓድ ዛሬ የሚደፍነው ፍልስጥኤማዊ አይደለም፤ እኛው በዝምታችንና በቂማችን እንደፍነዋለን። ግፍ ይረሳ፥ ፍርድም ይቅር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ማን እንዳሳደደን ብቻ ሰምቶ ማን እንዳስጠጋን ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ የወረሰው ግማሹን ነው፤ እርሱም መራራውን ግማሽ።

እነሆ፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ ያስጠጋን ሕዝብ በተራው በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሰዷል። የአባቱን ታሪክ በሙሉ የሰማ ልጅ ይህን እንግዳ ባየ ጊዜ ማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ያልሰማው ግን በሩን ይዘጋበታል።

ጌታችንም በሥጋ የተወለደው ከዚሁ ከስደተኞች ቤት ነው። ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ወረደ (ማቴ. 2፥14)። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ የናዝሬትን ቅዱስ ቤተሰብ ለስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ አርአያ አድርገው አቅርበዋል። እኛም በየዓመቱ በዘመነ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት ስናስብ፥ ልጆቻችንን በዙሪያችን ሰብስበን የራሳችንን መንገድ በእውነት እንንገራቸው።

የይስሐቅ ታሪክ መጨረሻም ይህ ነው። ከአገሩ ያስወጣው አቢሜሌክ ሰላም ፈልጎ በመጣ ጊዜ፥ ይስሐቅ ግብዣ አደረገለት፤ በነጋውም ተማምለው በሰላም ተለያዩ። አገልጋዮቹ ውኃ ማግኘታቸውን ያበሠሩት በዚያው ቀን ነበር (ዘፍ. 26፥26-32)።

የአብርሃምና የይስሐቅ አምላክ ከልጆቻችን ልብ ፍርሃትን ያርቅ፤ የተደፈነውንም ጉድጓድ ይክፈትልን። አሜን።