ስለ ጥም ትዝታ

ችግር አስተማሪ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ይህ አስተማሪ ለተማሪው የሚሰጠው ምንድን ነው? ጥበብ ነውን ወይስ ፍርሃት?

በአርሲ ቆላ፥ በአቦምሳ ዙሪያ፥ ዝናብ ሲዘገይ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይቆያል፤ ይህንም የሚያደርገው ፀሐይ የሚያርፍበትን ገጽ አሳንሶ ውሃውን ለመቆጠብ ነው። ዝናቡም ሲመለስ ይዘረጋዋል። ይህ ጠባይ፥ ገበሬው ድርቅን ከቻለው አዝመራ ዘር እየመረጠ ሲያኖር የጸና የአያቶች ውርስ ነው።

ዳሩ ግን ዕፅዋት ከውርስ ሌላ በዕድሜያቸው የሚያገኙት ትምህርት አላቸው። በሕዋሳቸው ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ እንደ መጽሐፍ ቢቈጠር፥ ችግር ፊደሉን አይለውጥም፤ የትኛው ገጽ እንዲነበብ፥ የትኛውም እንዲዘጋ ግን ምልክት ያኖርበታል። ጥናቱ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ምርምር፥ አራቢዶፕሲስ የምትባል ትንሽ ዕፅ ደጋግማ ከተጠማች በኋላ፥ እንደ ገና ስትጠማ፥ ጥም ካላየችው ጓደኛዋ ይልቅ ውሃዋን አጥብቃ እንደምትይዝ አሳየ። የሚደንቀው ግን ውሃ ጠግባ አንድ ሳምንት ስትቆይ ትዝታው መጥፋቱ ነው። ወደ ዘር ሊያልፍ ከሚችለውም ምልክት አብዛኛው በመንገድ ይደመሰሳል። ዘወትር ለጥም የተዘጋጀ ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይኖራልና አየር አጥቶ አያድግም።

እንግዲህ ወደ ሰው እንመለስ። እናቴ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ብዙ ሌሊት ጦሟን አድራለች። ከዚያ ወዲህ ጎተራዋን ሳትሞላ አላረፈችም፤ ይህ ጥበብ ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ጎተራው ሞልቶ ሳለ፥ ጎረቤታችን ለዘር የሚሆን ማሽላ ቢለምናት ከለከለችው። እርሱ መሬቱን ጦም አሳደረ፤ የከለከለችውንም እህል ነቀዝ በላው። እኔም ረሃቡን ያላየሁት፥ ዛሬ ለሰው ልሰጥ እጄን ስዘረጋ የእናቴን ፍርሃት በእጄ ላይ አገኘዋለሁ። በደም ወረስሁት አልልም፤ እያየሁ ተማርሁት።

ይህን የጻፍሁት እናቴን ለመውቀስ አይደለም። የተራበ ቢፈራ አይፈረድበትም። የጠገበው ልጅ ግን ያልደረሰበትን ረሃብ ምክንያት አድርጎ ጎረቤቱን ቢከለክል ይፈረድበታል።

አንባቢ ሆይ፥ ዕፅ ፈቃድ ስለሌለው በመርሳቱ አይመሰገንም፤ ተፈጥሮ ትረሳለታለች። ለሰው ግን ይህ ሥራ በራሱ እጅ ተትቷል። ስለዚህ ለልጆቻችን የመከራውን ታሪክ እንንገራቸው፥ የጎተራውንም አሠራር እናስተምራቸው፤ ፍርሃቱ ግን በእኛ ላይ ያብቃ።