የታንክ ክፍልና የሕሊና ድንበር

ቀጣሪ ሠራተኛውን ከክፍል ወደ ክፍል ሲያዛውር ሕሊናውንም አብሮ ማዛወር ይችላል? ጥያቄው በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ከአንድ ፋብሪካ ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

የይሖዋ ምሥክሩ ኤዲ ቶማስ የተቀጠረው ለኢንዱስትሪ የሚውል ብረት ለማምረት ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ክፍሉ ተዘጋና መድፍ የሚሸከመው የታንክ አካል ወደሚሠራበት ተመደበ። የቀሩትም ክፍሎች በሙሉ የጦር መሣሪያ ያመርቱ ነበር። እንዲቀነስ ጠየቀ፤ ተከለከለ፤ ለቀቀ። ግዛቲቱም የሥራ አጥ ክፍያ ነፈገችው።

ነገሩን ያወሳሰበው የራሱ ቃል ነው። ብረቱ ኋላ ለታንክ ቢውልም ጥሬ ብረት ማምረት ሕሊናውን እንደማይከብደው ተናግሯል። በዚያው ፋብሪካ የሚሠራ የእምነት ወንድሙ ደግሞ የታንኩን ሥራ እንደ ነውር አልቆጠረውም። ታዲያ ድንበሩን ያሰመረው ሃይማኖቱ ነው ወይስ የግል ምርጫው?

እ.ኤ.አ. በ1981 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለቶማስ ፈረደ። የፍርዱን ሐተታ የጻፉት ዋና ዳኛ ዋረን በርገር፣ ቅዱስ መጽሐፍን መተርጎም የዳኛ ሥራ እንዳልሆነ፣ የአማኞች አለመስማማትም የአንዱን እምነት ከንቱ እንደማያደርገው አስረዱ።

ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ሕሊና የሚጠየቀው በባለቤቱ እንጂ በጎረቤቱ አይደለምና። ሆኖም ጉዳዩ ስለ ክፍያው እንጂ ሥራውን ስለ ማስመለስ አልነበረም። በ2023 ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሌላ እርምጃ ሄደ፦ ቀጣሪ የሠራተኛን ሃይማኖታዊ ጥያቄ ሊገፋ የሚችለው በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚያስከትል ሲያሳይ ነው።